ኤስፔራንቶ እየተማርኩ፦ አዞ ግስ ሲሆን

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች፣ ኤስፔራንቶዬ (ለዓለም መግባቢያ ተብሎ የተሠራው ቋንቋ) የት እንደደረሰ ልጽፍላችሁ ነበር ግን ሰሞኑን አንድ ቃል ይዞኝ ስለቀረ እሱን ነው የማወራችሁ። ቃሉ "ክሮኮዲሊ" ነው። ክሮኮዲሎ ማለት አዞ ነው በቃ፣ በኤስፔራንቶ ስም ሁሉ በ"ኦ" ነው የሚያልቀው፣ ኦዋን አንስታችሁ "ኢ" ስታስገቡባት ግስ ይሆናል፣ እና ስታዩት አዞ መሆን ምናምን የሚል ይመስላል አይደል? ትርጉሙ ግን ኤስፔራንቶ ከሚችል ሰው ጋር ሆናችሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ማውራት ነው። ማለትም እኔና ጓደኛዬ ከፖሊ ካምፓስ ወጥተን ባህር ዳር ጣና ዳር ቡና አዘን "ዛሬ ኤስፔራንቶ ብቻ!" ተባብለን፣ ቡናው ሳይመጣ ስለ ቤት ኪራይ በአማርኛ ስንንጫጫ... ክሮኮዲላስ እንባላለን ("አስ" የአሁን ጊዜ ናት)።

ይሄን ቃል ቋንቋውን የፈጠረው ዛመንሆፍ አላወጣውም፣ የተናጋሪዎቹ የራሳቸው ስላንግ ነው። ለምን አዞ እንደተባለ የሚወራው ብዙ ነው፣ አዘውትሮ የሚነገረው አፉ ትልቅ ስለሆነ ነው የሚለው ነው፣ አፉን ከፍቶ ሳያስብ የሚለቅ ዓይነት። ደስ የሚለው ደግሞ አዞው ዘመድ አፍርቷል። "አሊጋቶሪ" የሚባል አለ፣ ቋንቋው ለአንዱ የአፍ መፍቻ ሆኖ ለሌላው የተማረው ሲሆን። "ካይማኒ" ደግሞ ለሁለቱም የአፍ መፍቻ ያልሆነ ሦስተኛ ቋንቋ ሲያወሩ፣ እንደ እኛ አማርኛው ሲሰለቸን በእንግሊዝኛ ስንቀባጥር ማለት ነው። አዞ፣ አሊጌተር፣ ካይማን፣ ሁሉም እዛው አንድ ወገን ናቸው። እኔ መቼም እንዲህ ያለ ቀልድ ያለው ቋንቋ ሰው ሠራሽ ነው ደረቅ ነው ሲባል አልስማማም።

እኛ ጋ ከውጭ የመጣ ቃል ግስ ለማድረግ "አደረገ" ነው የምንለጥፍበት፣ ላይክ አደረገ፣ ሼር አደረገ፣ ዳውንሎድ አደረገ። ኤስፔራንቶ ላይ ማንኛውም ሥር ላይ "ኢ" ብቻ ትበቃለች። ዛመንሆፍ (የዓይን ሐኪም ነበር፣ የአሁኗ ፖላንድ ውስጥ ቢያሊስቶክ ተወልዶ ያደገ) የመጀመሪያውን መጽሐፍ ዋርሶ ላይ በ1887 (በፈረንጅ) ሲያወጣ የሰጠው ሥረ ቃል ወደ 900 ቢሆን ነው፣ የቀረውን በቅጥያ ሥሩት ነው ነገሩ። ሀሳቡ የመጣለት ደግሞ ተማሪ እያለ በሩሲያኛ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ሲያይ ነው፣ አንዱ ላይ "ሽቬይትሳርስካያ" ይላል፣ የበር ጠባቂ ክፍል ማለት ነው፣ ሌላው ላይ "ኮንዲቴርስካያ"፣ ኬክ ቤት። "ስካያ" የምትለዋ ሁለቱም ላይ አለች፣ እና አንድ ቅጥያ ይዞ ስንት ቃል መሥራት እንደሚቻል ገባው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ባህር ዳር መንገድ ላይ ታፔላ ማንበብ ሥራ ሆነብኝ 😂 ሻይ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ የእኛ "ቤት" እኮ ራሷ ስካያ ናት! ኤስፔራንቶ ላይ ለቦታ "ኤይ" የምትባል ቅጥያ አለች፣ ካፌዮ ቡና ቤት፣ ሌርኔዮ ትምህርት ቤት፣ ትሪንኬዮ መጠጥ ቤት። ረጅሙ ማልሳኑሌዮ ነው፣ "ሳን" ጤነኛ፣ "ማል" ተቃራኒ የሚያደርግ፣ "ኡል" ሰው፣ "ኤይ" ቦታ፣ ሲገጣጠም ሆስፒታል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ያለው የአዞ እርባታ በትክክል ክሮኮዲሌዮ ነው፣ እኛ ግን ስሙን አማርኛ ለሚፈቀድበት ጠረጴዛችን ሰጥተነዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚቀለው ተሳቢው ነው። እንግሊዞች የሚማረሩበት "ን" ለእኛ የቤታችን ፊደል ነው፣ ያውም ራሷ "ን"! ልዩነቱ እኛ "አዞ አየሁ" ስንል አናስገባም፣ "አዞውን አየሁ" ሲሆን ነው፣ እነሱ ግን ሁልጊዜ፣ ሚ ቪዲስ ክሮኮዲሎን። ቅጽል ካለ ሁለቱም ላይ ትገባለች፣ ግራንዳን ክሮኮዲሎን፣ እኛ "ትልቁን አዞ" ብለን አንዷ ትበቃናለች፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አነባበብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ሰላም ማለት "ፓትሶ" ነው፣ "ፓጾ" ብላችሁ በእኛ ጸ እንዳታጠብቋት።

ጣና ላይ እኛ የምናየው ጉማሬ እንጂ አዞ አይደለምና ጓደኛዬ "ሂፖፖታሚ" የሚል ቃል አውጥቷል። ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ሰምጦ ቆይቶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ብሎ "የስ፣ የስ" ብሎ የሚመለስ (የስ እዚህም አዎ ነው)። መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልጉት፣ ግን ማንም ኤስፔራንቶ የሚችል ሰው ቢሰማው ከጉማሬ የመጣ ግስ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፣ ቅጥያው ለዛ ነው እንዲህ ጥብቅ የሆነው።

አሁን የያዝኩት "አንት፣ ኢንት፣ ኦንት" የሚባሉትን ነው፣ የሚያደርግ፣ ያደረገ፣ ሊያደርግ ያለ። የቋንቋው ስም ራሱ ከዚህ ነው የወጣው፣ "ኤስፔር" ተስፋ ማድረግ፣ "አንት" እያደረገ ያለ፣ ዛመንሆፍ መጽሐፉ ላይ ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ ብሎ የፈረመው የብዕር ስም ነበር፣ ቋንቋውን ራሱ ያኔ "ዓለም አቀፍ ቋንቋ" ነበር ያለው፣ ሰው ግን በደራሲው ስም ጠርቶት ቀረ። በተለይ "ኦንት" ቶሎ አልገባ ብላኛለች፣ የሚያስረዳኝ ካለ በናታችሁ።

ባህር ዳር ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ብትመጡ ደስ ይለናል፣ ጀማሪም ይሁን። አስተናጋጇን በአማርኛ ማዘዝ ክሮኮዲሊ አይባልም፣ እሷ ኤስፔራንቶ እስካልጀመረች ድረስ።