ጣና ላይ ጀልባ ይዞ መቆየት

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ መግዛት አንድ ነገር ነው። ክፉ ቀንን ተሻግሮ ሰው በማመላለሱ ሥራ መቆየት ሌላ። እኔ በሰው ጀልባ ረዳት ሆኜ ሞተር መፍታትና መግጠም ተማርኩ። ከዚያ ከወንድሜ ጋር አዋጥተን የራሳችንን ገዛን።

ያኔ የሁሉም ዓይን ፈረንጅ ላይ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነት። ፈረንጁ ቀረ፣ ብዙ ጀልባም ታስሮ ዋለ። እኛን ያቆየን የአገራችን ሰው ነው። ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ ዑራ የሚሄደውን ምዕመን አስቡት! እሱን አይተን ዋጋውን በሰው አደረግነው። ጀልባውን ለብቻው መከራየት የማይችል ቤተሰብ ከሌላው ጋር ተዳብሎ ይሄዳል። ሁለተኛ ጀልባ ግዙ ያሉን ነበሩ። አልገዛንም። ግማሹን ባዶ ለሚሄድ ጀልባም የሚቃጠለው ቤንዚን ያው ነው።

ጠዋት በጊዜ እንነሳለን። ውሃው ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀልድ አያውቅም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡ ሂሳብ ሳንቀበል እንናገራለን። ከሩቅ የመጣች እናት ደሴቱ ሥር ደርሳ ስትሰማው በጣም ያሳዝናል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ስላለ ፍጥነት እንቀንሳለን፤ እንግዳው ቅረብ ቢልም አንቀርብም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ነው። የበረታው በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው፤ ግን ሐይቁ አንድ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ግንዱ እንደ ስፖንጅ የተነፋ፣ ሥሩ ጠቆር ያለና እንደ ፀጉር የተንጨባረረ ነው። በቢላ እቆርጠውና በጆንያ ይዤው እወጣለሁ። ወደ ውሃው መመለስ ማለት መትከል ነው፣ ከቁራጩ ሌላ ይበቅላል። መድረቅ ያለበት ከዳር ርቆ ነው።

አሁን የምናጠራቅመው ለባለ አራት ምት ሞተር ነው። ባለ ሁለት ምቱ ነዳጁን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ ስለሚሠራ፣ ሳይቃጠል የቀረው ውሃው ውስጥ ይገባል። የደሴቶቹ ሰዎች የሚቀዱት ያንኑ ውሃ ነው። አዲሱ ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ቤንዚን ይቆጥባል። ቤንዚን ወረፋ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።