ጨው በቅቶታል?

አፌን ብረት ብረት ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ሬት ሬት። ጠዋት ይብሳል፣ ከሰዓት ጋብ ይላል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ጥርሴንም ምላሴንም ፋቅሁ፣ በጨው ውኃ ተጉመጠመጥሁ፣ እሱ ምን ገዶት። ውጭ ደግሞ ዝናብ ነው። ነሐሴ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅ፣ የፒያሳ ቁልቁለት ያንሸራትታል፣ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም። እንዲህ ባለ ቀን አፍ ባይመር ነው የሚገርመው።

ችግሩ ለሰው ሲነገር ነው። ሁሉም ሐኪም ነው። ታናሼ "ጨጓራ ነው" አለች፤ እኛ ቤት ስም ያልተገኘለት ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ጎረቤቴ እታለም "ሐሞትሽ ነው፣ ፌጦ በሎሚ ጠጪበት" ብላ ፈረደች። መሥሪያ ቤት ያለችው ደግሞ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ሆዴ ላይ አሳረፈችው። እርግዝና የአፍ ጣዕም ይቀይራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እውነቷን ነው። እኔ ግን አይደለሁም፣ ተረጋጉ።

ደህና ጥያቄ የጠየቀኝ የፋርማሲው ልጅ ብቻ ነው። "ሰሞኑን ምን መድኃኒት ወስደሻል?" አለኝ። ሜትሮኒዳዞል፣ ለአሜባ። ሳቀ። መድኃኒቱ በምራቅ ስለሚወጣ አፍን ብረት ብረት ማሰኘቱ የታወቀ ነው አለኝ፤ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲንም፣ ካፕቶፕሪል የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒትም ያው ናቸው። "ግን ከጨረስሽ ከቆየሽ መልቀቅ ነበረበት" አለና ሌላ ምርመራ ጀመረ። ድድሽ ይደማል? ቃር አለብሽ? አፍንጫሽ ታፍኖ አፍሽን ከፍተሽ ነው የምታድሪው?

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛውን ልካድ።

ደግሞ ጾም ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ 9 ሰዓት ድረስ ውኃ እንኳ የለም። ምራቅ ነው ለካ ቀን ከሌት አፋችንን ሲያጥብልን የሚውለው፤ እሱ ሲያንስ ባክቴሪያው እንደ ልቡ ይራባል። "ውኃ ጠጪ" ሲለኝ "ጾመኛ ነኝ" አልሁት። "ሌሊቱስ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱንማ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። የቀኑን ለማካካስ በርበሬ የበዛበት ሽሮ ግጥም አድርጌ እበላና ወዲያው ጋደም እላለሁ፣ የጨጓራዬ አሲድም መንገድ ሲመቸው ወደ ጉሮሮዬ ይወጣል። እራት ቶሎ ብይ፣ በልተሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትተኚ ቆዪ፣ ድድሽን የጥርስ ሐኪም ይይልሽ አለኝ። ሳምንታት ከዘለቀ፣ በተለይ ጥም ከበዛብሽና ከከሳሽ ግን ስኳርሽንም ኩላሊትሽንም ታዪ ሲለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እዚያ ላይ ትንሽ ደነገጥሁ።

ደንግጬ መሆኔን ሲያይ መሰለኝ ሊያጽናናኝ የሞከረው። ጣዕም የሚለዩት የምላስ ሴሎች በ10 ቀን ገደማ እየሞቱ በአዲስ ይተካሉ፣ ዚንክ የሚባለው ማዕድን ካላነሰሽ ይስተካከላል አለኝ። ከዚያ ሁሉ ምክር ይዤ የወጣሁት ይቺን ብቻ ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ቁልቁል ስወርድ አፌንም ረሳሁት። ያኔ የእማዬን ወጥ ሲቀምስ የነበረው ምላሴ እስካሁን ስንቴ ተቀይሯል ማለት ነው?

የቤታችን ቀማሽ እኔ ነበርሁ። ፍልሰታ ሲገባ ትልቅ ትንሹ ይጾማል፣ እንዲያውም የልጆች ጾም የሚሉት እሱን ነው። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ልትቆርብ ትሄዳለች። እኔም እጾማለሁ ብዬ አለቅሳለሁ። እማዬ "እሺ" ትላለች፣ ሙግት የለም። ረፋዱ ላይ፣ ልክ ሆዴ መጮህ ሲጀምር፣ ከጓዳ ትጠራኛለች።

"ነይ እስኪ ሆዴ፣ ጨው በቅቶታል?"

እሷ ጾመኛ ናት፣ አትቀምስም። መዳፌን እዘረጋለሁ። ከማማሰያው ጠብ ታደርግልኛለች። ይፋጃል፣ እፍ እፍ ብዬ እልሰዋለሁ፣ የመዳፌ መስመሮች በበርበሬው ቀልተው ይቀራሉ። ከዚያ እንደ ዳኛ ዓይኔን ጨፍኜ አስባለሁ። "ትንሽ ይቀረዋል" እላለሁ፤ ቀርቶት ሳይሆን ዳግመኛ እንድታስቀምሰኝ ነው። ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች፣ ወይም የጨመረች ትመስላለች። ደግሞ እቀምሳለሁ። አንዴ ከቀመስሁ ወዲያ ጾሙ የለም፤ "በይ እንግዲህ በእንጀራ ብዪው" ትላለች። እኔም ለሥራ ስል ጾሜን የሠዋሁ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ኩርምት ብዬ እበላለሁ።

ዛሬ የከነከነኝ ምን መሰላችሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እሷ ወጥ ስትሠራ እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ያኔ ማን ይቀምስላት ነበር? ማንም። ጨው አንሶት ወይ በዝቶበት ግን አላስታውስም። እታለምም ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ጾም አታጎድልም፣ ቀማሽ የላትም፣ ሽሮዋ ግን ልክ ነው። እጇ ያውቃል። የእማዬ እጅ ታዲያ ምን ሆኖ ነው ፍልሰታ ሲመጣ ብቻ የሚጠፋበት? ያኔ ከሲታ ነበርሁ፣ አጥንቴ ይቆጠር ነበር።

ደውዬ ልጠይቃት ስልኬን አነሳሁና ተውሁት። "እንድትበዪልኝ ብዬ ነዋ" ብትለኝስ? ከልጅነቴ ጀምሮ ጨው አውቃለሁ እያልሁ፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር የሰው ወጥ ሳቃና የኖርሁት ሴትዮ ያኔ ምን ሊውጠኝ ነው?