«መታሁት» ያልኩ ዕለት

ለሌሊት ሥራ ልወጣ ስዘጋጅ ነው በሩ የተንኳኳው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባጅ ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። «ከሲፒኤስ ነኝ» ስትለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ሲፒኤስ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ ሐበሾች ዘንድ ግን ይህ ስም የሚነሳው «ልጅ የሚነጥቁት» እየተባለ ነው።

ከሁለት ቀን በፊት የ9 ዓመት ልጄን በቻርጀር ገመድ መትቼው ክንዱ ላይ ሰንበር ወጥቶ ነበር። አስተማሪው አየች። በቨርጂኒያ ሕግ አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ዝም ማለት አትችልም፤ ሐኪምና ነርስም እንደዚሁ። ያኔ ግን እንደ ጠላት ነው የቆጠርኳት። ባለባጇ ልጄን አስቀድማ ትምህርት ቤት ሄዳ ለብቻው አነጋግራዋለች፤ ሕጉ ለዚህ የወላጅ ፈቃድ አይጠይቃትም።

«አስተርጓሚ ልጥራልሽ?» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ? ገመናዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲወራ ታየኝ። በራሴ እንግሊዝኛ «አይ ቢት ሂም» አልኳት። በአማርኛ «መታሁት» ማለት አንድ ጥፊም ሊሆን ይችላል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ደጋግሞ መደብደብ ይመስላል። ቶሎ ቶሎ ስትጽፍ አየኋት። ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሊያስረዳልኝ አፉን ከፈተ። የመታሁት ልጅ ለእኔ ሊከራከርልኝ! ሴትዮዋ በቀስታ ወደ ክፍሉ መለሰችውና በስልክ አስተርጓሚ አስገባች። ስሜን የማታውቅ፣ ፊቴን የማታይ ሴት ነበረች። ንግግሩን በስልኬ የመቅዳት መብት እንዳለኝም በእሷ በኩል ተነገረኝ።

ከዚያ በኋላ በቋንቋዬ ተጠየቅኩ። በእጅ ነው በገመድ? በገመድ። ስንት ጊዜ? ሁለት። ከዚህ በፊትስ? አዎ። አስተርጓሚ ስለተገኘ ጥፋቴ አልቀለለም፤ ገመዱ ገመድ ነው። ግን የተጻፈው እኔ ያደረግኩት ብቻ ሆነ።

ፍሪጁን ከፈተች፣ አልጋዎቹን አየች። ልጄን አልወሰደችም። ጉዳዩ «የቤተሰብ ግምገማ» በሚሉት መንገድ ሄደ፤ በዚህ መንገድ ጥፋተኛ ነሽ የሚል ውሳኔ አይሰጥም፣ ቤተሰቡ ምን ይጎድለዋል ተብሎ ነው የሚታየው። በሥራው መደበኛ ጊዜ፣ በ45 ቀን ውስጥ ተዘጋ። ልጅ ከቤት የሚወጣው የቅርብ አደጋ አለ ሲባል ነው፤ ያኔም ነገሩ ቶሎ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የወላጆች ትምህርት ገባሁ። ልጄን ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እናቴ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ነገ ሊመጡባት ነው፤ ልጇን አዲስ አበባ እናቷ ጋ ልትልከው ትኬት እየፈለገች ነበር። ትኬቱን ተይው አልኳት። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ልጅሽ እንዳያስተረጉምልሽ፣ ያደረግሽውንም እንዳለ ተናገሪ። ከሌሊት ሥራ ስወጣ በቀጥታ እሷ ቤት ሄጄ አብሬያት ጠበቅኩ።