በፎርሙ ላይ የተጻፈው

ዛሬ ሰማዩ እንደ ዳመነ ዋለ፤ እኔም አብሬው ከበደኝ። ከሰዓት በኋላ መስኮት ልከፍት ስነሣ ከታች ካለው ብየዳ ቤት የመዶሻ ድምፅ መጣ። ብረት ቀጥቃጭ የነበሩት አያቴ ትዝ አሉኝ።

የእሳቸው መሥሪያ ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ጭስ ያጠቆረው ዳስ ነበር። ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች የማናፋው እኔ ነኝ። አንደኛው ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል፤ መፈራረቁ ከተዛባ እሳቱ ይደክማል። ለማረሻ የሚመርጡት የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር። ብረቱ ግሎ ወደ ብርቱካን ቀለም ሲሄድ በጉጠት አውጥተው መስፉ ላይ ይቀጠቅጡታል፤ መጨረሻ ላይ ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሁሉንም ከነከሩት ይጠነክራል፣ ግን ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል። ያንን የውሃ ጩኸት እወደው ነበር።

ሰኔ ሲቃረብ ገበሬው ማረሻውን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። ያው ሰው ግን ልጁን ለእኛ ቤት አይድርም። ሕፃን ሲታመም ደግሞ ቡዳ በላው ይባልና ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል። በሠራንለት ማረሻ አርሶ የበላ ሰው! ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት፣ ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት፣ የብረት ሥራ ለአገር ምን እንደሆነ ገብቷቸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ግን የእኛ ገበያ ድረስ አልዘለቀም።

አያቴ ሙያውን ከአባታቸው ወረሱ፤ ለአባቴ ግን አላወረሱም። እኔንም ከወናፉ አልፌ መዶሻ እንድጨብጥ አልፈቀዱልኝም፤ «ሂድ አጥና» ይሉኝ ነበር። ከስድቡ ሊያድኑን ነው እላለሁ። ያን ሁሉ ጥበብ ይዘው ሲሄዱ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

አባቴ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ተማሪ ቤት በሚሞላው ፎርም ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ገበሬ» ብሎ ይጽፍ ነበር። አያቴ እርሻ አልነበራቸውም። እንዲህ ብሎ እንዲጽፍ የነገሩት እሳቸው ናቸው ወይስ ከራሱ ያመጣው ነው? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።