የቡሄ ሙልሙል ከዋዜማው ቀድሞ

ዘንድሮም ለቡሄ ሙልሙል እጋግራለሁ። ብር ብቻ ሰጥቶ መሸኘት እንደሚቀል አውቃለሁ፣ ልጆቹም ብሩን ይወዱታል፣ እኔም እጨምርላቸዋለሁ። ግን በዚያ ብርድ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ዳቦ ሳይሰጡ መቅረት አይሆንልኝም። የቡሄ ስጦታ ዳቦ ነው። ጓደኞቼ «ከሥራ ገብቶ ያንን ሁሉ ማን ያቦካል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በዕለቱ ከተጀመረ አይደረስም። ቀደም ከተባለ ግን ምንም አይከብድም።

ልጆቹ በርከት ብለው የሚመጡት ነሐሴ 12 ማታ ነው፣ 13 ጠዋትም አይቀሩም። ስለዚህ ሊጡን 11 ማታ ከእራት በኋላ አቦካለሁ። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በብርድ እርሾው ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሊጡ ኩፍ ብሎ አይገነፍልም፣ ጣዕሙ ግን በሁለት ሰዓት ከደረሰው ሊጥ በጣም ይበልጣል። እኛ ተኝተን ሥራው ይሠራል ማለት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፣ ቡሄ በፍልሰታ ጾም መሀል ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይገባም። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የለስላሳ ትንንሽ ዳቦ አሠራሮች ደግሞ አብዛኞቹ እነዚህን ይፈልጋሉ። የጾም ዳቦ ይደርቃል የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ውሃ ሰስተው ነው። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ ልጥፍ ማለት አለበት፣ ዱቄት እየጨመራችሁ አታድርቁት።

ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 600 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እጠቀማለሁ። ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል ደግሞ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ። 20 ያህል ሙልሙል ይወጣዋል። አሥር ደቂቃ ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ ዘይት ቀብታችሁ ሸፍኑት፣ ግማሽ ሰዓት ውጭ ይረፍና ወደ ፍሪጅ።

ጠዋት ሊጡ ጠንከር ብሎ ስለሚገኝ ቅርጽ ለማውጣት እንዲያውም ይመቻል። እንቁላል የሚያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቆርሳችሁ በመዳፍ እያንከባለላችሁ መሀሉን ወፈር፣ ጫፍና ጫፉን ቀጠን አድርጉት። የተገጠመው በኩል ወደ ታች ይሁን፣ አለበለዚያ ሲጋገር ይሰነጠቃል። ከዚያ ጨርቅ አልብሳችሁ ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ስንት ሰዓት? ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ የነሐሴ ብርድ ደግሞ መልሶ ያዘገየዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የውጭ አገር አሠራር ላይ የተጻፈው ሰዓት አይሠራም። በጣት ጫን ስታደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

ኦቭን ካላችሁ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። እኔ ግን ምጣዱን እመርጣለሁ። ከሥር የኮባ ቅጠል አንጥፎ፣ አክንባሎ ደፍቶ በለዘብተኛ እሳት መጋገር፣ መሀል ላይ ገልበጥ ማድረግ። ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ጠቆር ሲል የሚወጣው ሽታ በምንም አይተካም። ዳቦውን አንስታችሁ ሆዱን በጣት አንኳኩት፣ ባዶ ዕቃ የተመታ ያህል ከጮኸ በስሏል።

የምትሠሩበት ቀን ከሆነና ጠዋት ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ከቀናት በፊት ጋግራችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ በክረምቱ መብራት ሲጠፋ መጨነቅም ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በፌስታል ጠቅልሉና ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ፍሪዘር ነው ያልኩት፣ ፍሪጅ አይደለም። ፍሪጅ ዳቦን ውጭ ከሚውለው ይልቅ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ምክንያቱም የዱቄቱ ስታርች ቶሎ የሚጠጥረው እንዲህ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ የሆነው ግን ባለበት ይቆማል። ልጆቹ ሊመጡ ሲሉ ውሃ እርጭ አድርጋችሁ በለዘብተኛ እሳት ላይ ከድናችሁ አሙቁት፣ መልሶ ይለሰልሳል። ውስጡ በረዶ እንዳይቀር ግን አንዱን ቆርሳችሁ እዩ።

የክርስትና ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለእሱ ወይም ለእሷ ከሌላው ተለቅ ያለ ሙልሙል ለይታችሁ ጋግሩ። ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ድርሻቸውን ያውቃሉ። የተረፈውን እኛ በማግስቱ ከሻይ ጋር እንበላዋለን፣ ከምስር ወጥ ጋርም ጥሩ ይሄዳል።