መብራት ቢሄድም ማሽኑን አጥፊ

ጅማ ውስጥ የእንጨት ማሽን ላይ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣቶቼን ነው። አሥሩም አሉ። አንድ ቀን ግን ለጥቂት ነው የተረፉት።

ኮሌጅ እያለሁ ለትብብር ስልጠና ወደ አንድ ወርክሾፕ ተላክሁ። ክብ መጋዙ ላይ ዋንዛ ስሰነጥቅ መብራት ሄደ። ጅማ ለኖረ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። መጋዙ ቀስ እያለ ቆመ። ጥርሱ ሥር የተቀረቀረ ስንጣሪ ነበርና እጄን ሰድጄ መዘዝኩት። እጄን እንደመለስኩ መብራት መጣ፤ ማንም ሳይነካው መጋዙ ተነሣ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ራሱ ካላበራቸው የማይነሡ ማሽኖች አሉ። ያኛው ተራ ማብሪያ ነበር ያለው። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሼ አልጮኹብኝም። ውሃ አጠጡኝና፣ «ልጄ፣ መብራት ቢሄድም ማሽኑን አጥፊ። ብሬከሩን አውርጂ። ከዚያ ነው እጅሽ የሚገባው» አሉኝ። ዛሬም ቢላ ስቀይርም ሆነ ጥርስ ስፈትሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምሠራው።

ሌላው የሚያስፈራኝ ወደ ኋላ የሚወረወር እንጨት ነው። አንዳንድ እንጨት ውስጡ ውጥረት አለው። ሲሰነጠቅ መልሶ ይገጥምና መጋዙን ከኋላ ይቆነጥጠዋል። የኋላው ጥርስ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚዞር እንጨቱን አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ይተኩሰዋል። ከመጋዙ ጀርባ የምትቆመው ቀጭን ብረት ይህ እንዳይሆን ስንጥቁን ከፍታ ትይዛለች። ብዙ ቦታ «ታስቸግራለች» ተብላ ተፈትታ ጥግ ተጥላ አይቻለሁ። እኔ ያለ እሷ አልሰነጥቅም። በመጋዙ ትይዩም አልቆምም፤ ወደ ጎን እላለሁ። መጨረሻው ላይ እንጨቱን የምገፋው በእጄ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ነው። ጓንት አላደርግም፣ ማሽኑ ክሩን ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳል። ሻርፔንም ቱታዬ ውስጥ አስገብቼ ነው የምሠራው።

ለብቃት ምዘና ስዘጋጅ ያስቸገረኝ የጣውላን ፊት የሚያስተካክለው ማሽን፣ ፕላነር ነበር። ጎባጣ ጣውላ በቀጥታ ውፍረትን እኩል የሚያደርገው ቲክነስ ማሽን ውስጥ እከት ነበር። ሮለሮቹ ጉብጠቱን ተጭነው ያሳልፉታል። ሲወጣ ይቀጥናል እንጂ አይቃናም። መጀመሪያ አንዱ ፊት በፕላነር መስተካከል አለበት። ቀጥሎ ጎኑ በማዕዘን መለኪያው፣ በስኳድራ ይታያል። ቲክነስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ ቁም ሣጥን ነው። ጣውላውን የገዛሁት ክረምት ላይ ነበር፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ላዩን ስነካው ደረቅ መሰለኝ። የበሩን ገበታ፣ ማለትም የመሃሉን ሰፊ ጣውላ፣ ፍሬሙ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን በኮላ አጣብቄ አስረከብኩ። ጥር ላይ ደንበኛዬ ጠሩኝ። ገበታው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፣ በስፋቱ ነው የሚሸሸው። እኔ መሸሻ አላስቀረሁለትም። በሩን በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚጠረብ መገጣጠሚያ የለውም። ቁም ሣጥን ግን ሁለመናው መገጣጠሚያ ነው። አሁን ገበታውን ያለ ኮላ ቦይ ውስጥ ለቅቄ፣ በየጎኑ ትንሽ ክፍተት እተውለታለሁ።

ጣውላ ስገዛም ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ እደረድረዋለሁ፤ ነፋስ እንዲያገኘው። ከክምሩ አንድ ቁራጭ መርጬ በየሳምንቱ ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማሽን አላስነሣም።

ስለ አቧራው ደግሞ እባካችሁ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሰጋቱራው በዓይን ይታያል፤ ሳንባ የሚገባው ግን የማይታየው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ማስክ አድርጉ።

አሁን ጥግ ላይ የቀረሮ ጣውላ ደርድሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስመዝነው ገና እየቀነሰ ነበር። አልጋው ለሰርግ ነው የታዘዘው። ለሙሽራው ደውዬ ሦስት ሳምንት ጨምርልኝ አልኩት።