ጠብታ ውኃ ያልገባበት ስጎ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሳጥን ቲማቲም ተሸክሜ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ጎረቤታችን እማማ ደረጃው ላይ አገኙኝና ቆም አሉ። «ምነው ልጄ፣ ድግስ አለባችሁ እንዴ?» «የለብንም እማማ፣ ለክረምት የማስቀምጠው ነው» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከሳጥኑ አንዱን አነሡ፤ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩት፤ «ደኅና መርጠሃል» ብለው መለሱት። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሴት ናቸውና ቃላቸው ደስ አሰኘኝ።

መጋቢት የእኔ የስጎ ወር ነው። ከመቂና ከዝዋይ በኩል በመስኖ የለማው ቲማቲም በብዛት የሚገባው በበጋው ወራት ነው። ዝናቡ ሲጠነክር ቅጠሉን በሽታ ይመታዋል፣ ፍሬው ማሳው ላይ ይበሰብሳል፣ ዋጋውም ያሻቅባል። ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ባለቤቴ ከሌሊት ተረኛነት ስትመለስ ገበያ ጎራ ብላ አራት ቲማቲም ብቻ ይዛ ገባች። ለአምስት ሰው ቤት አራት ፍሬ። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጣቸው ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም። በርካሹ ወቅት ሠርቼ ማስቀመጥ እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ስጎውን የምሠራበትን ፕሬዠር፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ድስት፣ ያመጣችልን እቴቴ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ የሻንጣዋን ግማሽ የያዘው ይህ ባለ 9 ሊትር የማይዝግ ብረት ድስት ነበር። በዚያ ቤት ሽንብራውንም፣ ባቄላውንም፣ ሥጋውንም የምታበስለው በእንዲህ ያለ ዕቃ ነበር። ስትሰጠኝ «የሚያበስለው ትልቅ እሳት አይደለም፤ ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንስለት» አለችኝ። አንድ ነገር ደግሞ አከለች፦ «ቲማቲም ስትሠራበት መጀመሪያ ውኃውን አስለቅሰው።»

ሁለተኛውን ምክር በመጀመሪያው ቀን አላስተዋልኩትም። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ፣ ከቆርቆሮ የወጣ የቲማቲም ድልህ ጨምሬ፣ የተከተፈውን ቲማቲም ከላይ ሞልቼ ከደንኩት። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ፉጨት የለም። የመጣው የእርር ሽታ ነው። ስከፍተው ከላይ ያለው ቲማቲም ገና ጥሬ ነው፤ ከታች ያለው ድልህ ከድስቱ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። ሦስት ኪሎ ቲማቲም ምሬቱ ገብቶበት ተደፋ። በጣም አዘንኩ፤ ምግብ መድፋት በቤታችን ከባድ ነገር ነው።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው። ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ፕሬዠር የሚሠራው በእንፋሎት ነው። እንፋሎት እንዲፈጠር ደግሞ ድስቱ ግርጌ ላይ እንደ ልቡ የሚፈላ ቀጭን ፈሳሽ ያስፈልጋል። ድልህ ወፍራም ነው፤ አይገላበጥም፣ ባለበት ተቀምጦ ያርራል። ቲማቲሙ ውኃውን እስኪለቅ ድረስ ከታች የሚፈላ ነገር አልነበረም። እቴቴ «አስለቅሰው» ያለችው ይህንን ነው።

ታዲያ ውኃ ለምን አልጨምርም? ብዙ ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ቲማቲም ከመቶ ዘጠና አራት እጅ ያህሉ ራሱ ውኃ ነው። አምስት ኪሎ ስገዛ ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ የተሸከምኩት ውኃ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ሌላ ውኃ መጨመር በኋላ በእሳት የማባርረውን እንግዳ በገዛ እጄ መጥራት ይሆንብኛል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ረዘም ያለውን፣ ሥጋው ወፍራም የሆነውን፣ ሮማ የሚባለውን ዓይነት እመርጣለሁ። ክቡና ጭማቂው የበዛው ለሰላጣ ይሁን። (በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ መልካሳልሳ ይባላል፤ ለፋብሪካ የታሰበ ቲማቲም ነው። ስሙን ስሰማ ሁሌም ደስ ይለኛል።) ሳጥኑ ውስጥ ጠንካራና ፈዘዝ ያሉትን ለይቼ መስኮት ዳር ሦስት አራት ቀን አሳድራቸዋለሁ። ያልበሰለ ቲማቲም የሚሰጠው ስጎ ጎምዛዛ ነው፤ ስኳር ብንጨምርበትም ጉምዘዛው አይጠፋም። ስኳር እኔ አልጨምርም፤ አንድ ካሮት ፈቅፍቄ ከሽንኩርቱ ጋር አበስላለሁ፣ ያ ይበቃዋል።

ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ከቡና ስኒ ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት። እዚህ ላይ የወጥ ልማዳችንን መተው ያስፈልጋል፦ ሽንኩርቱ እንዲጠቁር አይፈለግም፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ብቻ ይለስልስ። ከዚያ ካሮቱ፣ ከዚያ የተቀጠቀጠ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ቀጥሎ ከአምስቱ ኪሎ አንዱን ኪሎ ብቻ ከትፌ እጨምርና ትንሽ ጨው ነስንሼ በማማሰያ እጨፈልቀዋለሁ። ጨው ውኃውን ቶሎ ያስለቅቀዋል። ግርጌው ላይ ጣት የሚያህል ጭማቂ ሲንተከተክ ሳይ ነው የቀረውን አራት ኪሎ የምጨምረው። ከላይ ጨምሬ አላማስለውም። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሞላት የለበትም፤ አምስት ኪሎ ለባለ 9 ሊትሩ ልኩ ነው።

ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት የእንፋሎት መውጫዋን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንሥቼ አያለሁ። የቲማቲም ልጣጭ ስስ ነው፤ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ከደረቀ ይደፍናታል። እማማ ፕሬዠሩ ሲያፏጭ በራቸውን የሚዘጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዱሮው ዕቃ ሲፈነዳ በዓይናቸው አይተዋል። ዴኒ ፓፒን የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ድስት አጥንት ለማለስለስ ሲሠራ፣ ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎቱን የሚያስወጣ መክፈቻም አብሮ ማሰብ ግድ ሆኖበት ነበር። ፍርሃቱ ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቀዳዳዋ ንጹሕ ከሆነች፣ ጎማውም ካልተሰነጠቀ ግን እኔ አልፈራውም።

ሙሉ ኃይሉን ካገኘ በኋላ በትንሽ እሳት አሥራ አምስት ደቂቃ። ይህን ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስለሳሳ ውኃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። እሳቱን የፈለግነውን ያህል ብናነድደው ክፍት ድስት ከዚያ አያልፍም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። እናቴ የቲማቲም ስልስ በከሰል ላይ ሁለት ሰዓት የምታቆየው ለዚህ ነበር። የተከደነው ፕሬዠር ግን በእኛ ከፍታም ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰናል። ከተማችን በከፍታዋ የነሣችንን ሙቀት ይመልስልናል ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ቲማቲሙ ሌላ ጠባይ ያወጣል፦ ጠለቅ ያለ፣ ለብዙ ሰዓት የበሰለ የሚመስል ጣዕም።

እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ግፊቱ ራሱ እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እንፋሎቱን በግድ ማስወጣት ቲማቲሙን ሽቅብ ያፈላውና ቀዩ ጭማቂ በቀዳዳዋ በኩል ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ እጅም ያቃጥላል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

አሁን የሚከፈተው ድስት ጀማሪን ሰው ያሳዝናል። ስጎ አይመስልም፤ ሾርባ ነው። የተከደነ ድስት ውኃ አያስወጣም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ አራት ኪሎ ተኩል እዚያው አለ። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ «ፕሬዠር ለስጎ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ድልህ ይሞላበታል። ሁለቱም ትክክል አይመስለኝም። ዝም ብላችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት። ሥጋው ይረጋል፣ ከላይ ቀጭን ወርቃማ ውኃ ይንሳፈፋል። እርሱን በጭልፋ ቀስ ብዬ እቀዳዋለሁ፤ አንድ ሊትር ያህል ይወጣል። ይህ ውኃ ፈጽሞ አይደፋም። የምስር ወጥ በውኃ ፋንታ በእርሱ ሲሠራ ቅመሱት። ሩዝም ይቀቀልበታል፣ ሽሮም ይበጠበጥበታል። በሑዳዴ፣ ቅቤና ሥጋ በሌለበት ጊዜ፣ ለጾም ወጥ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከስጎው እኩል የምወደው ይህን ውኃ ነው።

የቀረውን በሽቦ ወንፊት አሳልፈዋለሁ። ከፈላ ውኃ እያወጣሁ አንድ በአንድ የምልጥበት ጊዜ አልፏል፤ ከፕሬዠር የወጣ ልጣጭ ራሱን ችሎ ይለያል። ከዚያ ሰፊ ድስት፣ ክዳን የሌለው፣ መካከለኛ እሳት፣ ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ። እዚህ ላይ መማሰል አለ፤ የመጨረሻዋ ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ ማማሰል ትወዳለች፣ ሲፈነጥቅ ግን እኔ እረከባታለሁ። በማማሰያ ግርጌውን ሲጭሩት መንገዱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይደፈን ከቆየ ደርሷል። ከአምስቱ ኪሎ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ አገኛለሁ። በሶብላ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ግን ገበያው ላይ አላገኘሁም፣ ያለ እርሱ ቀረ።

ማስቀመጡ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ስጎን በጠርሙስ ሞልተው መደርደሪያ ላይ ለወራት የሚያስቀምጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት የሚያድግ ነው፤ ዘሩም በፈላ ውኃ አይሞትም፣ በእኛ ከተማ 92 ዲግሪማ ጭራሽ አይነካውም። የቲማቲም ኮምጣጣነት ይከላከለዋል እንዳይባል ቲማቲም ወሰኑ ላይ የቆመ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ሲገቡበት ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። መመረዙ ደግሞ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ ላይታወቅ ይችላል። ለማብሰያ የተሠራ ፕሬዠር ጠርሙስ ለማሸግ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ እኔ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዤ፣ ለአንድ ምሳ የሚበቃውን በላስቲክ ከረጢት እየለካሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። ወሩን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አልከፍትም፤ ጠፍጣፋዎቹ ከረጢቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቅዝቃዜያቸውን ይጠብቃሉ። መብራቱ ቆይቶ የቀለጠ ከረጢት ካገኘሁና ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ያኑ ዕለት ይበስላል፤ ሙቀት ካገኘው ግን ይደፋል፣ ቢያሳዝነኝም።

ሌላ አንድ ነገር፦ ፕሬዠራችሁ አሉሚኒየም ከሆነ ስጎውን እዚያ ውስጥ አታሳድሩት። የቲማቲሙ አሲድ ብረቱን ይነካዋል፣ ጠዋት ላይ ጣዕሙ ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

ቅዳሜ ማታ አሥራ አንድ ከረጢት ሞላሁ። ከሳጥኑ ውስጥ መስኮት ዳር ያስቀመጥኳቸው ገና አሉ፤ እነርሱ ለረቡዕ ናቸው። ከአሥራ ሁለተኛው እራት በላን፤ ፓስታ በስጎ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ባለቤቴ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በሳህኗ የቀረውን በዳቦ ጠርጋ በላች። ለእማማም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላክሁላቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳህኑን ራሳቸው ይዘው መጡ። እንደ ደንቡ ባዶውን አልመለሱትም፤ በረንዳቸው ላይ በዘይት ጀሪካን ካበቀሉት በሶብላ አንድ እፍኝ ቆርጠው ሞልተውበታል። «ስጎህ ደኅና ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ይህ ብቻ ነው የጎደለው።»